ከካዛንቺስ የመጣ የአደይ ዘር

አትክልተኛ እሆናለሁ ብዬ አልተነሣሁም። የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው፣ ከብሎኩ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አረንጓዴ እናድርገው፣ የመጣውንና የቀረውን የሚመዘግብ አንድ ሰው እንምረጥ ሲሉ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እኔ ስልኬን ቤት ትቼ ወርጄ ስለነበር ቀና ብዬ ተገኘሁ። ከኋላ አንድ ጎረቤት፣ እሷ መዝገብ ቤት አይደል የምትሠራው፣ ጽሑፏም ያምራል አለ። ተጨበጨበ። በዚሁ ተመረጥኩ።

ለእኔ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ሃምሳ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ የምኖረው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። እናቴ ከታመመች ወዲህ ከአልጋ የምትነሣው እኔ ደግፌያት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ በቀሩት ቀናት ከታች በጀሪካን እየቀዳሁ አወጣለሁ። ጠዋት ካዛንቺስ ወዳለው ቢሮዬ በሚኒባስ ተጋፍቼ እሄዳለሁ፤ አመሻሽ ላይ ተጋፍቼ ኦሎምፒያ እወርዳለሁ። የራሴ የምላት የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌ ብቻ ነበረች። እሷንም ለችግኝ አስረከብኩ።

ቦታው መሬት ይባላል እንጂ የኮንትራክተር ቆሻሻ መጣያ ነበር። ዶማ ባሳረፍን ቁጥር የሚወጣው የደረቀ ሲሚንቶ፣ የሴራሚክ ስባሪ፣ የቀለም ቆርቆሮ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቅዳሜዎች አፈር ፍለጋ ጨረስናቸው። ከዚያ ሰብሳቢው የፈረንጅ ሣርና ስሙን ማንም የማይጠራው ቀይ አበባ አስመጡልን፤ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን። መጋቢት ላይ ሣሩም አበባውም ደርቆ ከሰል መሰለ። እኛ የምንጠጣው ውሃ ሳይኖረን ሣር ማን ያጠጣል? ከዚያ በኋላ ሰው እየሳሳ ሄዶ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንወጣው አምስት ስድስት ሆንን። እኔ ወረቀቱን ይዤ ስለተገኘሁ እንጂ ፍላጎቱ ኖሮኝ አልነበረም።

እማማ የወረዱት ያኔ ነው። እማማ የምላቸው ሦስተኛ ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩትን ሴትዮ ነው። ትውልዳቸው ወሎ ነው። አርባ ዓመት ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ኖረዋል፤ ደጃቸው ላይ ቅመም እየሸጡ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ልጃቸው ወደኛ ብሎክ አመጣቻቸው። ሁለት ቅዳሜ ከበረንዳቸው ሆነው ሲያዩን ከርመው፣ በሦስተኛው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ወረዱና የደረቀውን አበባ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«ይሄ እንግዳ ነው፤ እንግዳ በየቀኑ መስተንግዶ ይፈልጋል» አሉን። «ውሃ ከሌላችሁ ያገሩን ትከሉ። ያገሩ ችግራችሁን ያውቃል።»

ስንት ሥራ አለብኝ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። ግን እሳቸው እንደኛ ስብሰባ አልጠሩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ፌስታል ሙሉ የዳማከሴ ቅርንጫፍ ከየት እንደሆነ ሳይናገሩ ይዘው መጡ፤ ከዚያ ኮሰረት፣ ከዚያ ጤና አዳም፣ ለአጥሩ ሰንሰል። ከችግኝ ጣቢያ ወይራና ግራዋ እንድንጠይቅ ላኩን። እኔ የመጀመሪያዋን የወይራ ችግኝ ከነፕላስቲኳ ተክዬ አፈር ስመልስባት ቆመው አዩኝ። ጎንበስ ብለው አወጧት፣ ፕላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደው አወለቁና ሥሩን አሳዩኝ፤ መውጫ አጥቶ ራሱን እየዞረ ተጠቅልሏል። ለዓመታት በየዘመቻው የተከልኳቸውን ችግኞች አስታወስኩና አፈርኩ። ከነፕላስቲካቸው ነው የቀበርኳቸው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ መማሬ አልቀረም፤ ደክሞኝም ቢሆን ተማርኩ። የዳማከሴ ቅርንጫፍ ከአንጓው በታች ተቆርጦ ዘመም ተደርጎ እንደሚተከል፣ ኮሰረት ጫፉ በተቀጠፈ ቁጥር እንደሚንዠረገግ አወቅሁ። ጦስኝን ያደረቅሁት በውሃ ብዛት ነው። የደጋ ተክል ነው፣ ድንጋይና ብርድ ነው የሚወደው፣ አንቺ አስጠምተሽው ሳይሆን አስጥመሽው ነው የገደልሽው አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ እንደነበር አላውቅም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ክረምት ሲገባ ቦታው አረንጓዴ ለበሰ። ያኔ ደግሞ ዶማ ይዞ ታይቶ የማያውቅ ጎረቤት ሁሉ መምጣት ጀመረ፤ ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ሊቀጥፍ፣ ቅቤ ላነጥር ነው ብሎ ኮሰረት ሊለቅም። አንዷ ከአምስተኛ ፎቅ ቅርጫት አውርዳ፣ እዚያው ሞልታችሁ ላኩልኝ አለች። ንድድ ብሎኝ ስሟን ከቀሩት ተርታ በቀይ ጻፍኩ። እማማ ግን ለሁሉም ይሰጣሉ። የሚቀጥፍ ሰው ከሌለ ማን ሊጠብቀው ነው ይሉኛል። እኔ ይህን የሚያህል ሆድ የለኝም።

አሁን ወደ አደዩ ልምጣ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ እማማ ከሻሻቸው ጫፍ ትንሽ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ጥቁርና ቀጫጭን፣ የመርፌ ስባሪ የሚመስል ዘር ነው። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው እንደሚፈርስ በተነገራቸው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ከደጃቸው የደረቀውን አደይ በመዳፋቸው እየፈተጉ የሰበሰቡት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይዘራው ከደጃቸው ጥግ በየዓመቱ ይበቅል ነበር አሉኝ። የጎረቤት ሴት ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚቀጥፉት ከዚያ ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ ጎረቤቶቹ ክርስቲያን፤ ጳጉሜን ሲገባ ግን ልጆቹ አስፈቅደው የሚገቡት እሳቸው ደጅ ነው። አሁን ደጁ የለም፣ መንገድ ሆኗል፤ ጎረቤቶቹም ከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ያቺ ቋጠሮ ናት።

ከግንቡ ሥር ባለው ጥግ ላይ ሁሉንም በተኑት። ለከርሞ ትንሽ አያስቀሩም ወይ ብላቸው፣ ዘሩ እያረጀብኝ ነው አሉ። ዘንድሮ ካልበቀለ ከርሞም አይበቅልም፤ ዘንድሮ ካበበ ግን ኅዳር ላይ በእፍኝ እናነሣለን። አራት ካስማ ተክለው በሲባጎ ከለሉት። ደስ ብሏቸው ለሁለት የድሮ ጎረቤቶቻቸው ስልክ ደወሉ፤ ለእንቁጣጣሽ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የካዛንቺስ አደይ እዚህ አለላችሁ አሏቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ።

ሐምሌ ላይ በቀለ። እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ነገር ነው፤ ባያሳዩኝ ኖሮ አላውቀውም። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አደይን የማውቀው በእቅፍ ታስሮ ሲሸጥ ነው። ሳያብብ ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም ነበር። ካየሁትም በኋላ ዝናቡ በረታና ሣሩ፣ አረሙ፣ አደዩ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ ጉልበት ደረሰ፤ እኔ የምለየው በሲባጎው ብቻ ሆነ።

ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ የእማማ ወንድም ሚስት አረፉና ለሐዘን ወሎ ሊሄዱ ሆነ። በሄዱበት ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኘን። እኔ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ እየሮጥኩ ነው። እጄን ያዙኝ።

«ጥጉን አደራ ልጄ» አሉኝ። «ሊያብብ ነው፤ ከሌላው ሁሉ እሱን።»

አብሽሩ እማማ፣ እኔ አለሁ አልኳቸው፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሚያጽናኑኝን ቃል ለእሳቸው መልሼ። ከልቤ ነበር።

በነጋታው ከጎን ብሎክ ሰው ሞተ። የእድሩ ድንኳን ከቦታችን ዳር ተተከለ። ገመድ ቢያጥራቸው ጊዜ የእማማን ሲባጎ ፈትተው ወሰዱት፣ ካስማዎቹንም ነቀሉ። ሰው ሞቶ ስለ ሲባጎ አይወራም። ሐሙስ መልሼ እከልለዋለሁ አልኩ፤ ሐሙስ እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዓርብ አልኩ፤ ዓርብ ውሃ የመጣበት ቀን ነበር፣ ዕቃ ስሞላ አመሸሁ።

ቅዳሜ ደግሞ ከወረዳው እንግዶች ቦታውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ሰብሳቢው ዞር ዞር ብለው አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ። ይሄ ምኑ ነው አትክልት፣ ጫካ ሆኗል፣ እባብ ቢወጣስ አሉ። ያልተከረከመና በመስመር ያልቆመ ነገር ሁሉ ለሳቸው አረም ነው። ብሎኩ እንዳለ ወጣ፤ በዓመቱ እንደዚያን ቀን ሰው አይቼ አላውቅም። ጓንት ያጠለቀ፣ ማጭድ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። ካፊያው አልቆመም። እኔ በጃንጥላ ሥር ስም እየያዝኩ ነው፤ ወረቀቱ ርሶ እስክሪብቶው ይንሸራተታል። ስልኬ ይጮሃል፤ እናቴ ናት፣ ሽንት ቤት ልሂድ፣ የት ነሽ ትላለች። በዚህ መሐል የሁለተኛ ፎቋ የባንክ ሠራተኛ ከጥጉ ተጣራች።

«ይሄም ይነቀላል እንዴ?»

«ንቀሉት» አልኩ።

ቀና እንኳ አላልኩም። ስሟ ከዝርዝሩ ስንተኛ መስመር ላይ እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ እሷን ግን አላየኋትም። ስልኩን ዘግቼ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ስመለስ ቦታው ተላጭቷል። ወይራዎቹ፣ ግራዋው፣ ዳማከሴው በመስመር ቆመዋል፤ መሐሉ ባዶ ጥቁር አፈር ነው። እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ በጣም ጸድቷል አሉ፣ ሄዱ። ሰብሳቢው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። እኔም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤቱን ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። የተነቀለው ሁሉ ዋናው በር አጠገብ ተከምሯል። ከክምሩ ጎን፣ ከሣሩ መሐል፣ አንድ ቢጫ ነገር አየሁ። ቀረብኩ። ገና በቅጡ ያልተከፈተ አደይ ነው፤ ሁለት የአበባ ቅጠሉ ብቻ ወጥቷል። ከሥሩ ሌላ እምቡጥ፣ ከዚያም ሌላ። ሥራቸው ጭቃ እንደያዘ ነው።

ቆሜ አሰብኩ። ያሰብኩትን ልናገር። አንድ በአንድ እየፈለቀቅሁ ላውጣ? የት ላድርገው? የተነቀለ ነገር ሞቷል፣ ከአሁን በኋላ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ወገቤ ለሁለት ሊቆረጥ ደርሷል፤ እናቴ ገላዋን ልትታጠብ ትጠብቀኛለች፣ ውሃው ምድጃ ላይ ነው። ነገ አየዋለሁ አልኩና ፌስታሌን ከክምሩ ላይ ጥዬ አራቱን ፎቅ ወጣሁ። እሑድ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ስመለስም በኋላው በር ወጣሁ ገባሁ፤ ክምሩን እንዳላይ ነው። ሰኞ ከቢሮ ስመለስ ቆሻሻ ጫኙ መኪና መጥቶ ወስዶት ነበር። ቦታው ታጥቦ ሳየው ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እማማ ማክሰኞ ገቡ። ልብስ ሳይቀይሩ ወደ ጥጉ ሄዱ። እኔ ከሥራ ስገባ እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ደንቡ እጄን ጨብጠው ሳሙኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ እኔም ሐዘናቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ ወደ አፈሩ እያዩ ማን ነው የነቀለው አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰው በዝቶ ነበር እማማ፣ ማን እንደነቀለው አላየሁም አልኳቸው።

«ይሁን» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባይሆን ይቀለኝ ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢያኮርፉኝ። እሳቸው ቅዳሜም እንደወትሮው ወረዱ። ዳማከሴው እንዳይረዝም እንዴት እንደሚቆረጥ አሳዩኝ፤ እጄን በእጃቸው ይዘው ነው ያስቆረጡኝ። ሌሎቹ፣ በተለይ ሰብሳቢው፣ አደዩን የነቀሉት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው፣ ሲባጎውንም የፈቱት እነሱ ናቸው እያሉ ሲያወሩ እኔ ዝርዝሬ ላይ አቀረቀርኩ። ጎረምሶቹ ዘወር በሉ እየተባሉ ከቦታው ተባረሩ። ያንንም አየሁና ዝም አልኩ። ቤት ስገባ እናቴ ፊትሽ ምን ሆኗል አለችኝ፤ ድካም ነው አልኳት። ለሁሉም ነገር መልሴ እሱ ሆኖ ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኦሎምፒያ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ መንገዱ በአደይ ሻጮች ተሞልቷል። ትልቁን እቅፍ ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት ለራሴም ግልጽ አልነበረም፤ ነገ ጎረቤቶቻቸው ይመጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ከሚቀበሏቸው ብዬ ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳልፍ እግሬ ቆመ። አንኳኳሁ።

ብቻቸውን ነበሩ። አበባውን ተቀብለው፣ የኔ ዓለም፣ ምን አደከመሽ አሉኝና በጀግ ውሃ ውስጥ አቆሙት። ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ንቀሉት ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ባንክ ሠራተኛዋ ተናገርኩ። አንዴ ከጀመርኩ አልቀረም፤ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከክምሩ ውስጥ እንዳየሁት፣ አይቼም ትቼው እንደወጣሁ ጨመርኩ። እያለቀስኩ ነበር።

እማማ እስክጨርስ ሰሙኝ። ያስነቀልሽው አንቺ እንደሆንሽ ያኔውኑ ገብቶኛል አሉ፤ ስም ያዢዋ አንቺ ሆነሽ ሳታዪ የሚሆን ነገር የለም፣ ደክሞሽ እንደሆነም አውቃለሁ፣ እሱን አልያዝኩብሽም። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አንድ ነገር ማስላት ጀመሩ።

«ክምሩ መች ነው የተጫነው?»

«ሰኞ» አልኩ።

«እሑድ ዘንቧል?»

«ሲዘንብ ነው የዋለው።»

«ሥሩስ ጭቃ ይዞ ነበር?»

ይዞ ነበር አልኳቸው።

«እንግዲያ እስከ ሰኞ አልሞተም» አሉ። «በነሐሴ ዝናብ የተነቀለ አደይ ዕለቱን መልሰሽ ብትቀብሪው ሁሉም ባይሆን አምስት ስድስቱ ይይዝ ነበር። አምስት ስድስቱ ደግሞ ለዘር ይበቃል።»

ድምፃቸው አልተለወጠም። እጄን ይዘው ዳማከሴ ሲያስቆርጡኝ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ ነው። ተነሥተው እንባዬን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝና፣ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ስታዪ የትም ብሆን ደውይልኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሌላ ጊዜ የሚዘሩት ዘር እንደሌላቸው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።